ልጅ ባይወልዱም

እኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሟች የሕይወት ታሪክ የሚወጣበትን ወረቀት «አጭሬ» እንለዋለን። ሰው ስንት ዓመት ቢኖር አንድ ገጽ ነው፣ ያውም ከነፎቶው። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ሠሩ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ ታመሙ፣ አረፉ። የባልደረባዬ አጭሬ ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እሱ ላይ ያልገባውን ደግሞ እኔ ልናገር፤ መቼም አፌ ሥራ ፈቶ አያውቅም።

ሥራችን እርማት ነው። እኔና እሷ አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። እርማት ለብቻ አይሠራም። አንዷ ደንበኛው በእጁ ጽፎ ያመጣውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ ሊታተም የተዘጋጀውን በዓይኗ ትከተላለች። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ነጠላ ሰረዙንም ድርብ ሰረዙንም በአፌ እጠራለሁ። ተከታይዋ እሷ ነበረች። እኔ ያልኩትና እሷ ያየችው ካልገጠመ «ቁሚ» ትላለች፣ ቀይ እስክሪብቶዋ ይወርዳል። ድምፄ ማሽን ክፍል ድረስ ስለሚሰማ ሠራተኛው ሁሉ «ጡሩምባ» ይለኛል። እሷን ደግሞ «አራት ነጥብ» ነው የሚሏት፤ ክርክር ሲበዛባት «አራት ነጥብ» ብላ ትዘጋና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አንድ ጊዜ ለክሊኒክ ግድግዳ የሚለጠፍ ማስታወቂያ መጣልን። ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ የሚለቅመው ሰውዬ «ነፍሰ ጡር እናቶች» ማለት ሲገባው «ነፍሰ ጡት እናቶች» ብሎ አረፈው። እሷ «ቁሚ» አለችና የቀረውን መናገር አቃታት፤ ጣቷን ፊደሏ ላይ አድርጋ ትንፈራፈራለች። ሳቅ ሊገድለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሆዷ የገፋ ሴት በመስኮታችን ባለፈች ቁጥር «ነፍሰ ጡት መጣች» እንባባል ነበር። አሁን ሳስበው ምላሴን በቆረጠው።

ሕጓ አንድ ነበር፤ የባለቤቱን ቃል አንነካም። አንድ ግንበኛ ሞቶ ቤተሰቡ «ሚስቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳላት ነበር» ብለው ጽፈው መጡ። ሰውየው የሰፈሬ ሰው ነው፤ ሚስቱን ሲደበድብ ስንት ቀን ገላግያለሁ። ደሜ ፈላና እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቅኳት። መልሳ ተቀበለችኝና እኛ አራሚ ነን እንጂ ዳኛ አይደለንም አለችኝ። ለነገሩ ያለችው እውነት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንዴ ከታተመ በኋላ ይሳሳላት ነበር ማለት ነው።

እሷም ብትሆን ግን አንድ ቦታ ላይ እስክሪብቶዋ ይቆም ነበር። ልጅ ያልነበራቸው ሴቶች አጭሬ ላይ ሁልጊዜ የምትመጣ አንዲት መስመር አለች፤ ማን እንደጀመራት አይታወቅም፣ ሁሉም ይገለብጣታል። «ልጅ ባይወልዱም ለብዙዎች እናት ነበሩ።» እኔ «ባይወልዱም» ስል እሷ ዓይኗን ትተክልና ትቀራለች። ስህተት የለበትም። አንድ ቀን ምነው ብላት፣ ሴትየዋ ሰማንያ ዓመት ኖራ መጀመሪያ የሚነገርላት ያልሆነላት ነገር ነው አለችኝ። እሷ ራሷ ካገባች ያኔ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላት ነበር። ሰው «መቼ ነው?» ብሎ መጠየቁን ከተወ ከርሟል፤ ያ ደግሞ ከመጠየቁ የባሰ ነው።

ባሏ የሊፍት መካኒክ ነው። ዝምተኛ ነው ስላችሁ እንዲሁ ዝምተኛ እንዳይመስላችሁ፤ ሰላምታ እንኳ በአንገቱ ነው የሚሰጥ። እሷ ስታሾፍበት፣ ቀኑን ሙሉ ከገመድ ጋር ውሎ ከሰው ጋር ማውራት ረስቷል ትል ነበር። የሰው ሕንፃ ሊፍት ሲጠግን ይውላል፣ የራሳቸው ሕንፃ ሊፍት ግን ዕቃ ጠፍቶለት ስድስት ዓመት ቆሟል። እነሱ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት።

በሠላሳ ስምንት ዓመቷ አንድ ጠዋት መጥታ ካፖርቷን ሰቀለች፣ ወንበሯን ሳበች፣ ወረቀቱን አስተካከለችና ቀና ሳትል ተናገረች።

«ዛሬ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። ሁለት ነን የምንከተልሽ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት አበላሸሁ። ሦስቱን የራሴን ልጆች ሳረግዝ እንዲያ የተደሰትኩ አይመስለኝም። ማሽን ክፍል ድረስ ሄጄ ነገርኩ፤ ጡሩምባ መባሌ ለዚህ ካልሆነ ለምኔ ነው? እሷ ተቆጣችኝ፣ ግን ከልቧ አልነበረም።

በሦስተኛው ወር ግድም ወረቀት መጋዘን ጠራችኝና በትልልቆቹ የወረቀት ጥቅሎች መሀል እጄን ይዛ ግራ ጡቷን አስነካችኝ። እብጠት አለው። ጠጠር ያለ፣ ስነካው የማይንሸራተት። እኔ ሦስት ልጅ ያጠባሁ አዋቂ! ወተት ነው አልኳት። የመጀመሪያሽ ስለሆነ ነው፣ መቋጠር ጀምሮ ነው፣ ሲወለድ ይለቅሻል አልኳት። ያቺ ሴት በዚያ ሁሉ ዓመት ቃሌን ከወረቀት ጋር ሳታስተያይ ተቀብላኝ አታውቅም። ያን ቀን ግን ዝም ብላ ተቀበለችኝ። ሁለት ወር አለፈ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔስ በምንም አልታሸ።

ወገቧ ነው በመጨረሻ ሐኪም ቤት የወሰዳት። መቀመጥ አቃታት፣ እርግዝና ነው ብንል ብንል አልሆነም። መረመሯት፣ ከጡቷ ቆንጥረው ወሰዱ፣ በሆዷ ላይ ስንት ዓይነት ማሽን አዞሩ። ውጤቱን ልትሰማ ስትሄድ ባሏ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆንን። እኔን የጠራችኝ ሐኪሟ የምትለውን ሰምቼ በኋላ ቃል በቃል እንድደግምላት ነው።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፣ ግን አልሸፋፈነችም። ካንሰር ነው፤ ከጡቷ ወጥቶ አከርካሪዋና ጉበቷ ላይ ደርሷል። ማዳን አንችልም፣ ማቆየት ነው የምንችለው አለች። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው እርግዝናውን ማቋረጥና ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነገ ጀምሮ መስጠት፤ ምናልባት ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ትንሽ ፈቅ ይል ይሆናል። ሁለተኛው እርግዝናውን ይዞ፣ ለነፍሰ ጡር የሚፈቀደውን መድኃኒት ብቻ እየወሰዱ የቀረውን ማቆየት፤ በሽታው ግን ይጠብቃል ብላ ቃል አትገባም። እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ልጁ ከእኔ ወጥቶ መኖር የሚችለው በስንት ሳምንት ነው? ሐኪሟ ሠላሳ ሁለት ብንደርስ ደስ ይለኛል፣ ከሃያ ስምንት በታች ግን ያስፈራኛል አለች። ያን ቀን ሃያኛው ሳምንት ላይ ነበረች።

እሷ ሁለተኛውን አለች፤ ሐኪሟ «የነፍሰ ጡር ሕክምና ስምምነት» የሚል ቅጽ ገፋ አደረገችላት። ባልደረባዬ ርዕሱን አየችው፤ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ፊደሉን ነው ያየችው። ወደኔ ዘንበል ብላ «ነፍሰ ጡት» አለችኝ በሹክሹክታ። ሳቅን። ወይ ነዶ፣ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሐኪሟ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። ባሏ ጉልበቱን ይዞ ወለሉን ያያል። ሳቁ ወደ ለቅሶ የዞረው የት ላይ እንደሆነ አላስታውስም።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ለቀቅኩባት። የታመመ ሰው ላይ አይጮህም፣ አውቃለሁ፣ ጮህኩባት። ሁለት ዓመት ሲሰጡሽ እምቢ የምትይው ለዚያች መስመር ብለሽ ነው? ለዚያች ለ«ባይወልዱም» ብለሽ ነው? አልኳት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ሁለት ዓመት ምን ልሠራበት? የሰው ስህተት ልለቅምበት? ልጄን በሕይወት እያለ አንዴ ልየው። ከዚያ የፈለጉትን ይጻፉ። አራት ነጥብ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለችው እሱን ብቻ ነው፤ ልጇን በሕይወት እያለ አንዴ ማየት። ሆዷ ያውቃል፣ ያቺ መስመርም በምክንያቱ ውስጥ ነበረች እላለሁ እኔ። ግን አልደገምኩትም።

መድኃኒቱ ተጀመረ። ጠጉሯ አለቀ፣ ሆዷ ገፋ፣ ሌላው አካሏ ሁሉ ወደ ሆዷ የሄደ ይመስል ነበር። ጡቷን ለምን ቆርጠው አይጥሉትም ብዬ ስጠይቃት፣ አሁን ቢቆርጡት ውሃ መውቀጥ ነው ብለውኛል አለችኝና ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ሌላዋ ልጇን ጡት ታስጥላለች፤ እኔን ግን ጡቴ ጣለኝ» አለች። እንዲህ ነበረች። የሚያስለቅስ ነገር ስትናገር ፊደሉን ታሳምር ነበር።

ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ባሏ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰደ። እኛ ሊያስታምማት መስሎን ነበር። እሱ ለካ ከየፈረሰው ሕንፃ የለቀመውን ዕቃ ተሸክሞ የራሳቸው ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። በሰባተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ ምድር ቤት ጠበቃት፣ ሊፍቱ ውስጥ ወንበር አስገብቶ አስቀመጣት፣ አራተኛ ፎቅ አወጣት። አንድ ቃል አልተናገረም አለችኝ። ያ ሊፍት እስከ ዛሬ ይሠራል።

የባሏ ታላቅ እህት በየቀኑ ትመጣ ነበር። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆና ጡረታ የወጣች፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ እኔም እትዬ ነው የምላት። ለሕፃን የሚሆን አንድ ጨርቅ እንኳ ቤት እንዳይገባ ከለከለች፤ ሳይደርስ አይገዛም ብላ። ጨካኝ ሆና አይደለም። ያቺው እትዬ ናት በየጠዋቱ ገላዋን የምታጥባት፣ ምግብ በማንኪያ የምታጎርሳት። ለወንድሟ ፈርታ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሲያጣ ከወዲሁ ይታያት ነበር።

ባልደረባዬ እስከ ሃያ አራተኛው ሳምንት ሥራ ገባች። ከዚያ እኔ ወረቀቱን ይዤ ቤቷ መሄድ ጀመርኩ። በጎኗ ትተኛለች፣ ወረቀቱን ትራስ ላይ እዘረጋላታለሁ፣ አነባለሁ። አንድ ቀን ግልጽ የሆነ ስህተት አለፋት። ዝም አልኩ። ሌላም አለፋት፤ ዝም ብዬ ቢሮ ስመለስ ራሴ አረምኩት። እንዲህ እያልን አንድ ሳምንት ሄድን። በመጨረሻ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥማ ሰጠችኝና «ስህተቴን እየደበቅሽልኝ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ አላደረግሽኝም» አለችኝ። ያ እስክሪብቶ ከዚያ ወዲህ ከቦርሳዬ አልወጣም።

ሃያ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ጉበቷ ነው። ሐኪሞቹ መጠበቅ ሁለቱንም ማጣት ነው አሉና አዋለዷት። ባሏ ስልክ የደወለልኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። «ሴት» አለ፣ ዘጋ።

ስደርስ ልጅቷ መስታወት ክፍል ውስጥ፣ በማሞቂያ ሳጥን ተኝታለች። እጅ አይሞላም የሚሉት አለ አይደል? እንደዚያ። ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬን በጋሪ ወንበር ገፍተው ወሰዷት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልነካቻትም። ሥራ ላይ እንደምትሆነው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከአናቷ ጀመረች፤ ጆሮዋ፣ ትከሻዋ፣ ጣቶቿ አንድ በአንድ፣ እስከ እግሯ ጫፍ። ከዚያ እንደገና ከአናቷ ጀመረች። ሲያወጧት እጄን ያዘችኝ።

«ሁለት ጊዜ ተከታተልኳት። አንድም ስህተት የለባትም» አለችኝ።

ልጅቷ በማግሥቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሞተች። ሳንባዋ አልጠነከረም ነበር። ስም አልወጣላትም፤ እናቷ ሌሊቱን ራሷን ስታ ስለነበር እስክትነቃ እየጠበቁ ነበር። እናቷ ስትነቃ ነገሯት። ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ቀን ኖረች፤ መኖር ከተባለ። አንዳንዴ ዓይኗን ትገልጥና «አይቻታለሁ አይደል?» ትለኛለች። አይተሻታል እላታለሁ። ስለ ጡቷ፣ ስለዚያ ስለ ወተት ነው ስላልኳት፣ ይቅር በይኝ ልላት በየቀኑ አስቤ እሄዳለሁ፣ በየቀኑ ሳልላት እመለሳለሁ። አንድ ቀን ሄድኩ፣ አልጋው ባዶ ነበር። ይህን አፍ ለሰው ሁሉ ስከፍተው ኖሬ ለሷ ዘጋሁት።

የአጭሬዋን ጽሑፍ ይዛ ማተሚያ ቤት የመጣችው እትዬ ናት። በእጇ የተጻፈ ነው፣ ውብ ጽሕፈት። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ስድስተኛው መስመር ላይ «ልጅ ባይወልዱም ለባለቤታቸው እህቶችና ወንድሞች ልጆች እናት ነበሩ» ይላል።

ወልዳለች እኮ እትዬ፣ አልኳት። ድምፄ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሰብኝ። እሷ መነጽሯን እያወለቀች፣ ስም እንኳ ያልወጣላት ናት፣ ወንድሜ ቁስሉ ባይነካ ይሻለዋል አለችኝ። ለእሱ ደወልኩለት። «እህቴ እንዳለችው ይሁን» አለ። የባለቤቱን ቃል አንነካም። ከዚህ በላይ ባለቤት ከየት ይመጣል?

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮ ተከታይ ልስጥሽ ቢለኝ እምቢ አልኩ። በሩን ዘግቼ ለብቻዬ አነበብኩ። ጮክ ብዬ፣ ከነነጠላ ሰረዙ፣ ለባዶ ወንበር። «ልጅ ባይወልዱም» ስል ቁሚ የሚለኝ የለም። ተነሥቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ፣ እስክሪብቶዋን አወጣሁ፣ ሰረዝኩት። በላዩ ላይ «አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል፤ ልጃቸውም ሠላሳ አንድ ሰዓት ኖራለች» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት መቶ ቅጂ ታተመ። የእሷን ሕግ በእሷው እስክሪብቶ አፈረስኩ፤ አልጸጸተኝም።

ቀብሩ ላይ ወረቀቱ ታደለ። ሰው አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አጭሬ ማንም ቆሞ አያነብም፣ የሚነበብለትን ነው የሚሰማ። የምታነበው እትዬ ናት። የታተመው ፊደል ለዓይኗ ስላነሰባት የራሷን የእጅ ጽሑፍ ነው የያዘችው። እኔ ከፊቷ ቆሜ የታተመውን ዘርግቻለሁ፤ ጣቴ በመስመሩ ላይ እየሄደ ነው። ሳላስበው ተከታይ ሆኛለሁ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ሠሩ፣ አገቡ።

«ልጅ ባይወልዱም...»

«ቁሚ» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው። ታላቄን፣ ያውም በሐዘኗ ቀን፣ አንቺ ማለቴን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። እትዬ ቆመች። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ ሌላ ነገር የማደርገው አልነበረኝም፣ ሥራዬን ሠራሁ፤ እንደ ልማዴ ሁሉንም እየጠራሁ አነበብኩት።

«አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል፣ ድርብ ሰረዝ፣ ልጃቸውም ሠላሳ አንድ ሰዓት ኖራለች፣ አራት ነጥብ።»

ከኋላ የቆሙት የማሽን ክፍል ሰዎች ያቺን የመጨረሻዋን ሲሰሙ አልቻሉም፤ ሲነፈርቁ ይሰማኛል። እትዬ ወረቀቷን ዝቅ አደረገች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እኔን ሳይሆን ወንድሟን ታያለች። እሱ ወደኔ መጣ። ቀስ ብሎ ነው የመጣው፣ አጠገቤ እስኪደርስ ፊቱን ማየት አልደፈርኩም።

«ሠላሳ ሦስት ነው» አለኝ።

ምን እንዳለኝ አልገባኝም ነበር።

«የተወለደችው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለአንቺ ስደውል ሦስት ሆኖ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አፌን መክፈት አቅቶኝ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለብቻ ያነበበ ሰው የራሱን ስህተት አይሰማም። ለዚያ ነው እርማት ለሁለት የሚሠራው። እሱ እጁን ኪሱ ከቶ የታጠፈ ወረቀቱን አወጣና ዘረጋልኝ። መስመሯን አስቀድሞ አይቷት ኖሯል፤ እዚያች ቦታ ላይ ወረቀቱ በላብ ረጥቧል። እስክሪብቶዋን አውጥቼ፣ ወረቀቱን መዳፉ ላይ አስደግፌ «አንድ»ን ሰረዝኩና በላዩ «ሦስት» ብዬ ጻፍኩለት። አጣጥፎ መለሰው። እትዬ ከሰባተኛው መስመር ቀጠለች።

የቀሩት ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ሠላሳ አንድ ይላሉ።